ዝናብ የጠጣ ድንጋይ

ባለፈው እሑድ በስልክህ ያሳየኸኝ ምስል ሳምንቱን ሙሉ ከዓይኔ አልጠፋም። ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ ቀይ ግድግዳ፣ ስንጥቁ ውስጥ እጁን ወሽቆ የተንጠለጠለ ፈረንጅ። «ኦቦ፣ እኔ እዚህ ሳልሄድ አልሞትም» አልከኝ። ያየኸው ቦታ አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ ያለው ኢንዲያን ክሪክ ነው። የቪዛውን ነገር ለኤምባሲው እንተወውና፣ የዚያ ድንጋይ ዘመድ እዚሁ አገርህ ውስጥ አለ። ገርዓልታ ይባላል። ከነቀምቴ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ መቀሌ፣ ከመቀሌ በውቅሮ በኩል ሐውዜን ትገባለህ። እኔ አሥራ አንድ ጊዜ ሄጄበታለሁ።

አሥራ አንድ ጊዜ ሄጄ ያሰብኩት ቦታ ላይ የደረስኩት አራት ጊዜ ብቻ ነው። ይህን ሰፈር ውስጥ ብናገር ይስቁብኛል። «ይህን ሁሉ የመኪና ከፍሎ፣ ከድንጋዩ ሥር ተቀምጦ ቡና ጠጥቶ የሚመለስ ሰው!» ይላሉ። አንተ ግን ሰባቱን ጊዜ ለምን እንደተመለስኩ ቁጭ ብለህ ስማኝ። አራቱን ጊዜ እንዴት እንደወጣሁ ማንም ሊያስተምርህ ይችላል።

ከአባቴ ልጀምር። አባቴ ንብ አናቢ ነበር። አሁን እንደምታየው ዓይነት ሣጥን ቀፎ በጓሮ አልነበረም፤ ጋጉራውን፣ ባህላዊውን ቀፎ፣ ከረጅም ዛፍ ላይ ሰቅሎ፣ ማር ሲደርስ በሌሊት ወጥቶ ነበር የሚቆርጠው። ችቦውን በአንድ እጁ፣ ገመዱን በትከሻው አድርጎ ሲወጣ ከታች ሆኜ ጭሱን እየሳብኩ እጠብቀው ነበር። አንድ ምሽት ግማሽ ድረስ ወጥቶ ወረደ። «ምነው?» ስለው «ቅርንጫፉ ድምፁ ተቀይሯል» አለኝ። ማሩ እዚያው ቀረ፤ እናቴ ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈችው። ቅርንጫፉ በኋላ ተሰብሮ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ አባቴም ተመልሶ ሊያጣራ አልሄደም። ያን ጊዜ ያላደነቅኩትን ነገር ለማድነቅ ሠላሳ ዓመት ፈጀብኝ።

ድንጋይን የተዋወቅኩት ደግሞ በሥራ ነው። የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ጋር ተቀጥሬ ከጊምቢ እስከ ደምቢ ዶሎ፣ ከሻምቡ እስከ መንዲ ዞሬአለሁ። የእኛ የወለጋ ድንጋይ በአብዛኛው እጅግ ጥንታዊ፣ በሙቀትና በግፊት የተጠበሰ ጠንካራ ዓለት ነው፤ ላዩን ቀይ አፈር ወይም ባዛልት ይሸፍነዋል። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሲቀጠቅጠው ይውልና የሚወጣው ግራጫ ዱቄት ነው። ውኃ የምታገኘው ዓለቱ የተሰነጠቀበት ላይ ከወደቅህ ብቻ ነው። ካልወደቅህ ስልሳ ሜትር ቆፍረህ አቧራ ይዘህ ትመለሳለህ፤ የመንደሩ ሰውም አንተ የደበቅኸው ይመስል ያይሃል።

በ1989 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ትግራይ ላኩን። ከውቅሮ አለፍ ብለን ማሽኑን ተከልን። የሚወጣውን ብናኝ በእጄ ብዘግነው አሸዋ ነው፤ ቀይ፣ የተበጠረ አሸዋ። በዚያ አገር ውኃው ያለው ስንጥቁ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ ድንጋዩ ራሱ እንደ ስፖንጅ ይይዘዋል። ደስ አለን። ለመንደሩ ውኃ የሚሰጠው ያ ጠባይ አንድ ቀን እኔን ሊገድለኝ እንደሚችል ግን ያን ጊዜ አልገባኝም።

ማታ ማታ ሥራ ስንጨርስ የገርዓልታን ተራሮች አያለሁ። ከሜዳው መሐል ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ጀምበር ስትጠልቅ እንደ ፍም የሚቀሉ ናቸው። አንድ እሑድ አሽከርካሪያችን አቡነ የማታ ጉሕን ልሳለም ብሎ ሲሄድ ተከተልኩት። እኔ የመካነ ኢየሱስ ልጅ ነኝ፤ ቅዳሴም ታቦትም ብዙ አላውቅም ነበር። ጫማ አውልቁ ተባልን። ከዚያ ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው። በዘመናት ብዛት ጣትና እግር ያቦረቦራቸው ጉድጓዶች አሉ፤ እነሱን እየጨበጥክ ትወጣለህ። ከበላዬ አንዲት እናት ሕፃን በጀርባዋ አዝላ ለክርስትና ትወጣለች። ጫፉ ላይ ስትደርስ የቤተ ክርስቲያኑ በር ጋ የምታልፍበት ደፍ ከአንድ ክንድ ብዙ አይሰፋም፤ ሥሩ ገደል ነው። እኔ የንብ አናቢ ልጅ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤ እሷ ሕፃኑን አስተካክላ አዘለችና አለፈች።

ሰው «ተራራ መውጣት የፈረንጅ ጨዋታ ነው» ሲልህ ይህችን ሴት አስባት። ደብረ ዳሞ ላይ መነኮሳቱ 15 ሜትር የሚያህለውን ግድግዳ በጠፍር ገመድ ሲወጡ ሲወርዱ ስንት መቶ ዓመታቸው! ማርያም ቆርቆር የሚሄደውም ሰው ሁለት ግድግዳ መሐል በተሰነጠቀ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው ሽቅብ የሚወጣው። አባ ተወልደ መድኅን ዮሴፍ በ1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ በተደረገው የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ላይ ከመቶ በላይ የትግራይ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትን ዘርዝረው ሲያቀርቡ የውጭ ምሁራኑ ተደነቁ ይባላል። የአካባቢው ሰው ግን እሑድ እሑድ ይወጣባቸው ነበር።

በገመድና ካም በሚባለው፣ ስንጥቅ ውስጥ በሚገባ ብረት መውጣትን ያስተማሩኝ ሁለት እንግሊዛውያን ናቸው። ለዕረፍት በሄድኩበት ጊዜ ዕቃ ተሸከምኩላቸው፤ ሲመለሱ ያረጀ ገመድና ሦስት ካም ትተውልኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ባይሆንም በየሁለት ዓመቱ ብር አጠራቅሜ እሄድ ጀመር። ባለቤቴ «ሌላ ሚስት አለችህ ወይ ሐውዜን?» እያለች ትቀልድ ነበር። አንዳንዴ የምትቀልድ አይመስለኝም።

አሁን ሥራውን ልንገርህ። ስንጥቅ ሲወጣ ሰው የሚሳሳተው መጨበጥ ሲፈልግ ነው። የሚጨበጥ ነገር የለም። እጅህን ጠፍጣፋ አድርገህ ታስገባለህ፤ አውራ ጣትህን ወደ መዳፍህ ታጥፋለህ፤ መዳፍህ ያብጥና ግድግዳውን በግራና በቀኝ ይነክሰዋል። በሩ ላይ እንደገባ ሽብልቅ ነው። እግርህን ደግሞ ጎኑን አድርገህ ታስገባና ጉልበትህን ወደ ላይ ቀጥ ስታደርገው ይጠመዘዛል፤ ይቆልፋል። ክብደትህ እግርህ ላይ ይሁን። ክንዱን የሚያምን ወጣት አምስት ሜትር ላይ ክንዱ ይነፋና ዳቦ ይሆናል። ስንጥቁ ከመዳፍህ ከጠበበ በጣት ነው፤ ያማል። ከጡጫህ ከሰፋ ደግሞ ክርንህንና ትከሻህን አስገብተህ እንደ እባብ ነው የምትሳበው፤ እሱን ሥራ እኔ በጭራሽ አልወደድኩትም። ከመሄድህ በፊት የእጅህን ጀርባ በፕላስተር ጠምጥም። ሳትጠመጥም ከሄድክ ግን በሚቀጥለው ሳምንት እንጀራ ስትበላ በርበሬው ያስታውስሃል።

ኢንዲያን ክሪክና ገርዓልታ ዘመዳሞች ናቸው ያልኩህ በመልክ ብቻ አይደለም። የዩታው ዊንጌት የሚባለው አሸዋ ድንጋይ 200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው፤ የእኛ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይም በዚያው ዘመን አካባቢ የተደራረበ ነው። ልዩነታቸው አመጣጣቸው ላይ ነው። የዩታውን በአብዛኛው ነፋስ ነው ያከማቸው፤ የበረሃ አሸዋ ክምር ነበር። ስለዚህ ወጥ ነው፤ ሲሰነጠቅም ከታች እስከ ላይ በአንድ ስፋት፣ በገመድ የተለካ ይመስል ይሰነጠቃል። የእኛን በአብዛኛው ወንዝ ነው ያመጣው። ወንዝ ደግሞ አንድ ቀን አሸዋ፣ አንድ ቀን ደለል፣ አንድ ቀን ጠጠር ያመጣል። ስለዚህ ገርዓልታ ላይ ስንጥቁ እጅህን ልክ ይዞልህ ሲሄድ ድንገት ይሰፋል፤ ወይም መሐል ላይ እንደ በሶ የሚፈርስ ለስላሳ ቀለበት ይገጥምሃል። በስልክህ የምታየው ቪድዮ ይህን አይነግርህም። የዩታን ብልሃት ይዘህ ገርዓልታ አትሂድ።

ካሙም እንዲሁ ነው። ካም ማለት ምላሱን ስትስበው የሚጠብ፣ ስትለቀው በሞላ ጉልበት ተከፍቶ ስንጥቁን የሚገፋ ብረት ነው። አሜሪካዊው ሬይ ጃርዲን ነው አስቦ የሠራው፤ ፍሬንድ ተባለ። ኤርል ዊጊንስ በ1976 እ.ኤ.አ. ኢንዲያን ክሪክ ላይ ሱፐርክራክ የተባለውን ስንጥቅ ሲወጣ ይህ ዕቃ ገና ገበያ ላይ አልነበረም። ያን ሰውዬ አደንቀዋለሁ፤ እንድትመስለው ግን አልፈልግም። ካም በጠንካራ ድንጋይ ላይ ይታመናል፤ በለስላሳ አሸዋ ላይ ግን በደንብ ስትወድቅበት ድንጋዩን እያረሰ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ጠለቅ አድርገህ አስገባው፤ አንድ በሚበቃበት ቦታ ሁለት አድርግ።

ገመድ ላይ እንዳትሸውደኝ። ገበያ ሄደህ የአይሱዙ ጭነት የሚታሰርበትን ናይለን ገዝተህ «ጠንካራ ነው ኦቦ፣ አምስት ኩንታል ይይዛል» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ጥንካሬው አይደለም ችግሩ። የመውጫ ገመድ ስትወድቅበት እስከ ሲሶው ድረስ ሊለጠጥ ይችላል፤ ድንጋጤውን የሚበላልህ ያ መለጠጡ ነው። የጭነት ገመድ አይለጠጥም። ገመዱ አይበጠስም፤ የሚበጠሰው ወገብህ ነው።

አሁን ወደ ሰባቱ መመለሶች። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ፍርሃት ነበሩ፤ አላፍርባቸውም፤ ረጅምም ታሪክ የላቸውም። የመጀመሪያውን ትልቅ ስሕተቴን የሠራሁት በሚያዝያ ወር ነው። ሌሊት ካፊያ ጣለ። ለእኔ ለወለጋ ልጅ ካፊያ ምን ማለት ነው? ነቀምቴ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ የሚጥልባት ከተማ ናት። እኛ ዝናብ ላይ ተወልደን፣ ዝናብ ላይ ትምህርት ቤት ሄደን፣ ዝናብ ላይ ሠርግ የደገስን ሰዎች ነን። ዝናብ ሲያቆም ወጥተህ ሥራህን ትሠራለህ፤ አለቀ። ጠዋት ፀሐይ ወጣች፤ ግድግዳውን በእጄ ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው። ከሐውዜን አብሮኝ የመጣው ልጅ «ዛሬ ይቅር» አለኝ። «ደርቋል እኮ» አልኩት። አሥር ሜትር ያህል ወጣሁ። እግሬን የቆለፍኩበት የስንጥቁ ከንፈር እንደ ደረቀ ዳቦ ተቆርሶ ወጣ። የላይኛው ካም ድንጋዩን ይዞት መጣ። ሁለተኛው ያዘኝ። ቁርጭምጭሚቴ ግድግዳው ላይ ተማታ፤ ያ ልጅ ገመዱን አጥብቆ ይዞ ባያወርደኝ ኖሮ ይህን ምክር ሌላ ሰው ነበር የሚነግርህ። አንድ ገበሬ በቅሎውን አውሶኝ እስከ መንገዱ ደረስኩ። ስለ ኪራይ ሳነሳ ተቆጣኝ።

የሆነው ይኸው ነው። የአሸዋ ድንጋይ አሸዋ ነው፤ ቅንጣቶቹን ያጣበቃቸው ኖራ፣ ብረት ወይም ሸክላ ነው። ውኃ ሲገባበት ማጣበቂያው ይላላል፤ ጥንካሬው በግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ የሚብስበትም አለ። ላዩን ፀሐይና ነፋስ ቶሎ ያደርቁታል። ውስጡ ግን እንደያዘ ይቆያል፤ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። እኔ ለዓመታት በማሽን እየቆፈርኩ ከዚያው ድንጋይ ሆድ ውስጥ ውኃ ሳወጣ የኖርኩ ሰው፣ ላዩን ዳስሼ ደረቅ ነው አልኩ። ከዚህ የባሰ ሞኝነት ካገኘህ ንገረኝ።

ስለዚህ ዝናብ ከጣለ ግድግዳውን አትዳስስ። ከግድግዳው ሥር ያለውን አፈር በጣትህ ጫር። ጥቂት ጣት ያህል ወርደህ እርጥበት ካገኘህ ዕቃህን አታውርድ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ በዚህ ምክንያት ተመልሻለሁ። አንዱን ጊዜ ሁለት ቀን ጠብቄ፣ ሦስተኛው ቀን ሌሊት ደግሞ ዘነበ፤ ፈቃዴም አለቀ። ሳልወጣ ነቀምቴ ተመለስኩ። ኢንዲያን ክሪክም ደንቡ ይኸው ነው፤ ከዝናብ በኋላ የሚወጣ ሰው ራሱን ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ ስንጥቁንም ይሰብረዋል፤ የተሰበረ ከንፈር ደግሞ ለሚቀጥለው ሰው አይበቅልለትም። በጥቅምትና በየካቲት መሐል ሂድ። ጥቅምት ላይ እዚህ ዝናቡ ገና ሊያስቸግርህ ይችላል፤ እዚያ ግን ሰማዩ ጥርት ብሏል።

አንዱን ጊዜ የመለሰኝ ንስር ነው። ልወጣ ያሰብኩት ግድግዳ መሐል ላይ ጎጆ ነበረው። እንግሊዛውያኑ ነግረውኝ ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ በጎጆ ወቅት ግድግዳዎቹን ይዘጓቸዋል አሉ። እዚህ የሚዘጋልህ የለም፤ አንተ ነህ የምትዘጋው። እውነቱን ንገረኝ ካልከኝ ያን ቀን ለወፏ አዝኜ አይደለም የተመለስኩት፤ ዓይኔን ትጎለጉለኛለች ብዬ ነው። ውጤቱ ግን ያው ነው።

የመጨረሻው መመለስ የቄሱ ነው። ቆንጆ ስንጥቅ አየሁ፤ ከታች እስከ ላይ እጅ የሚይዝ። ጠየቅኩ። ቄሱ ከበላዩ የአንድ ባሕታዊ ዋሻ እንዳለ ነገሩኝ። አትውጣ አላሉኝም። «ሰውየው ዝም ማለት ነው የሚፈልገው» ብቻ አሉ። ተውኩት። አንተም ስትሄድ መጋብ ላይ የአካባቢው አስጎብኚዎች አሉ፤ ሳትጠይቅ አንድም ግድግዳ ላይ እጅህን አታድርግ። ቤተ ክርስቲያን ባለበት ዓለት ላይ ካም ቀርቶ ለእጅ ላብ የሚቀባውን ነጭ ዱቄት እንኳ አታስነካበት። የሚጠየቀውን ክፈል። «እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ ለምን እከፍላለሁ» የሚል ክርክር ውስጥ አትግባ፤ ሰምቼዋለሁ፣ ያሳፍራል።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከዚያ ገደል ብትወድቅ ሄሊኮፕተር አይመጣልህም። መቀሌ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚያወርድህ ያ ገበሬ ነው፤ በዚያው በቅሎ። ሥራ ፈት ጎረምሳ ለጨዋታ ወጥቶ ወድቆ፣ ሐምሳ ሰው ከእርሻው ተነሥቶ ቃሬዛ እንዲሸከም ማድረግ ምን ያህል ነውር እንደሆነ አስበህ ውጣ። ሐውዜን ብዙ ያየች ከተማ ናት። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ገበያዋ በአውሮፕላን ተደብድቦ ብዙ ሕዝብ አልቆባታል። የቅርቡንም ጦርነት አንተ ራስህ ታውቀዋለህ። የመጨረሻው ጉዞዬ በ2012 ዓ.ም. ጥር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የዚያ መንገድ ተዘጋ፣ ቀጥሎም የእኛ መንገድ ለሽማግሌ የማይመከር ሆነ። ያ ገመዱን የያዘልኝ ልጅ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ደወለልኝ። ስለ ድንጋይ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ስለዚህ ስትሄድ «ስንጥቁ የት ነው?» ብለህ አትጀምር። ከቡና ጀምር። ከዚህ አንድ ኪሎ የጊምቢ ቡና ይዘህ ሂድ፤ የወለጋ ሰው ባዶ እጁን መጣ እንዳይሉህ።

ከግራ በኩል ሦስተኛው ሹል ድንጋይ ላይ አንድ ስንጥቅ አለ፤ ቦታውን ወረቀት ላይ ስዬልሃለሁ። ያሰብኩትን ከወጣሁ በኋላ አራት ጊዜ ሞክሬው ከላይኛው ሲሶው ላይ ለስላሳው ቀለበት ይመልሰኛል። ከቀለበቱ በታች ሁለት ትልልቅ ካም የሚቀበል ጥሩ ቦታ አለ፤ እዚያ ቆመህ ተንፍስ። ከዚያ በላይ ያለውን አላየሁትም፤ የምነግርህ የለኝም።

መቼ እንደምትሄድ መንገዱና ዘመኑ ይወስኑልህ። እስከዚያው ግን ሥራ አለህ። የአባቴ ዋንዛ አሁንም ጓሮ ቆሟል፤ ገመድ ማሰርና መውረድን በእሱ ላይ እንለማመዳለን፤ ጉልበቴ ስለማይሆን እኔ ከታች ነኝ። ቅዳሜ በጠዋት ና። እናትህ አንጮቴ ከቀቀለች ይዘህ ና፤ ቅቤው ከእኔ ነው። መጀመሪያ ገመዱን እናጥበዋለን፤ ከመጨረሻው ጉዞ ወዲህ አልነካሁትም። ሳፋውን ሞልተህ በገላ ሳሙና በቀስታ ታሸዋለህ። የመጀመሪያው ውኃ ቀይ ሆኖ ይወጣል። እሱን ውኃ ጎመኑ ላይ እንዳትደፋው፤ ሳሙና አለበት።